አባወራው ያልተጠራበት ክትባት

በኢሉባቦር ምድር፣ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በያዮና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ ሕፃን ልጁን የሚያስከትብ አባት ብዙ ነው፤ ሚስቱ በእርግዝናዋ ወራት የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ስትወጋ የማይቃወም ባልም ብዙ ነው፤ ይኸው ሰው ግን መርፌው ለራሱ ክንድ ሲቀርብለት እጁን ወደ ጋቢው ውስጥ ይሰበስባል። ይህን የተመለከቱ ሹማምንትና የጤና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፤ ሕዝቡ አልተማረም፣ ግንዛቤ ይጎድለዋል ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኔ ግን የክትባትን ታሪክ በአገራችንና በጎረቤቶቻችን ዘንድ እንዴት እንደ ሄደ ስመረምር፣ ጉድለቱ በአባወራው ልቡና ውስጥ ከሚገኘው ይልቅ አባወራውን ለመጥራትና ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ባልተሰናዳው ሥርዓት ውስጥ የሚገኘው ይበልጣል ከማለት ላይ ደርሻለሁ።

ያዮ ደኗ የዱር ቡና መገኛ መሆኑ ታውቆ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበላት ወረዳ ናት፤ ነዋሪዋም ዓመቱን የሚቆጥረው በቡናው ነው። ቀይ እሸት በሚለቀምበት ጊዜ፣ ይኸውም መስከረም አልቆ ታኅሣሥ እስኪጋመስ ድረስ፣ ወንዱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ደን ይገባል፤ ማታም ያመጣውን በአልጋ ላይ አስጥቶ ከዝናብና ከሌባ ሲጠብቅ ያመሻል። ጤና ኬላው የሚከፈትበት ሰዓትና እርሱ በመንደሩ የሚገኝበት ሰዓት እንደ ፀሐይና እንደ ጨረቃ ሳይገናኙ ይከርማሉ። ሆኖም አንዳንድ ቀን የታመመ ልጁን ታቅፎ ወይም ነፍሰ ጡር ሚስቱን ተከትሎ ይመጣል፤ የኮሮና ክትባት ይሰጥ በነበረበት ጊዜ በበረንዳው ላይ የሚደረገው ንግግር ብዙውን ጊዜ የሚከተለውን ይመስል ነበር።

«አባቴ፣ እርስዎም ይከተቡ እንጂ» ትለዋለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። «እኔ ምን ሆኜ ልጄ? አልታመምኩም» ይላታል። በሽታው ከመምጣቱ በፊት የሚወሰድ መሆኑን ስትነግረው ጥቂት ያስብና፣ «የደም ብዛት ክኒን እውጣለሁ፤ ከእርሱ ጋር ይስማማል ወይ? ነገስ ለቀማ እወጣለሁ ወይስ ያስተኛኛል?» ብሎ ይጠይቃል። እርሷም በእጇ ሌላ የረባ ነገር ስለሌላት፣ «ምንም አይልዎትም፤ መንግሥት ያመጣው ነው» ትለዋለች። ሰውየው ምስጋና አቅርቦ፣ ልጁን አዝሎ፣ ሳይከተብ ይሄዳል። በማታው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው «እምቢ ያለ» የሚል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ሰውየው የጠየቃቸው ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ የተማረ ሰው በአዲስ አበባ ሐኪሙን ከሚጠይቃቸው አይለዩም፤ አንደኛው ስለ መድኃኒቶች መስማማት ሲሆን ሁለተኛው ክትባቱን ተከትሎ ስለሚመጣው ድካምና ትኩሳት ነው። ለሁለቱም የታወቀ መልስ አለ። ደም ብዛት ያለበት ሰው እንዲያውም ለኮሮና ክትባት ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ወገኖች መካከል ነበረ፤ ክትባቱም በአንዳንድ ሰው ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የክንድ ሕመም፣ ትኩሳትና የሰውነት መድከም እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። «ነገ ቢደክምዎት አይደንግጡ፣ ከነገ ወዲያ ይተውዎታል፤ ክኒንዎንም እንዳያቋርጡ» የሚል ቃል ቢሰማ ኖሮ ምን ያደርግ እንደ ነበር ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ የተነገረው «ምንም አይልዎትም» የሚለው ቃል ግን በማግሥቱ ትኩሳት የያዘው አንድ ጎረቤት ብቻ የሚያፈርሰው ቃል ነው።

ሠራተኛዋን ለመውቀስ ይህን አልጻፍኩም። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶችን እያሠለጠነ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ ያቆመ፣ አምስት ጤና ኬላዎችንም ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር ያስተሳሰረ፣ በዘመናችን ከተሠሩት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ብዙ ሕፃናትን ከሞት ያዳነ ስለ ሆነ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን መርሐ ግብሩ በአመዛኙ የታሰበው ስለ እናትና ስለ ሕፃን ነበረ። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው የክትባት ፕሮግራምም እንዲሁ። ሕፃኑ ካርድ አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ቢቀር የሚፈልገው ሰው አለው፤ እናቲቱም በእርግዝናዋ ትታወቃለች። የ40 ዓመት ጎልማሳ ወንድ ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ካርድም ቀጠሮም የለውም፤ የሚገናኙት ሲታመም ብቻ ነው፤ ክትባት ወደ እርሱ የመጣለትም በዘመቻ፣ በድምፅ ማጉያ፣ ወረርሽኝ ባስፈራበት ቀን ነው። ስለ ክትባት እንዲያስብ ዕድሜውን ሙሉ ያልተጠየቀ ሰው በአንድ ጧት ወስኖ ክንዱን እንዲዘረጋ ይጠበቅበታል።

የዚህን ውጤት በአንድ ደዌ ላይ ማየት ይቻላል። የመንጋጋ ቆልፍ ዘር በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ሰውነት የሚገባውም በቁስል ነው። አገራችን የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዷ በ2009 ዓ.ም. ተረጋግጦላታል፤ ይህም በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች በተሰጠው ክትባትና በንጹሕ ወሊድ የተገኘ ድል ነው። በአንጻሩ በአገራችን ሆስፒታሎች በአዋቂ የመንጋጋ ቆልፍ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከታማሚዎቹ የሚበዙት ወንዶች መሆናቸውን ያሳያሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ያዮ የቡና ደን መግባት ይበቃል፤ ሥሩን የሚመነጥረው፣ ገጀራ የሚያነሣው፣ በባዶ እግሩ ወይም በተቀደደ ጫማ ጉቶ የሚረግጠው ወንዱ ነው፤ መከላከያውን የተወጋችው ግን ሚስቱ ናት። ቁስሉ ደርቆ ከተረሳ ከቀናት በኋላ አፉ አልከፈት ሲለው፣ ቤተ ዘመዱ ወደ መቱ ይዞት ይሮጣል፤ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት በመሠረተው በካርልሃይንዝ በም ስም በሚጠራው በመቱ ካርል ሆስፒታል ወይም በሌላ ስፍራ ይተኛል፤ ብርሃንና ድምፅ እንዳያነሣሣው ተጠልሎ፣ ጡንቻው እየተወጠረ፣ ለሳምንታት ከሞት ጋር ይታገላል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው መድኃኒት በጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ለሚስቱ በመጣው ብልቃጥ ውስጥ፣ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ጤና ዕውቀት ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ፊደል መቁጠርን ነው። ፊደል ጠቃሚ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማንበብ የሚችሉት ሴቶች ከመቶ 42፣ ወንዶች ከመቶ 69 ያህል መሆናቸውን አመልክቷል። ይሁን እንጂ በዚሁ አኃዝ ፊደል በመቁጠር የሚበልጠው ወንዱ ነው፤ ስለ ክትባት የበለጠ የምታውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ ናት፤ ይህም ዕውቀት ከተደጋገመ ግንኙነት፣ ከጥያቄና ከመልስ፣ ከሚታመን ሰው አፍ እንደሚገኝ ያስረዳል። እናቲቱ ልጇ ሲያተኩሰው የት እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምትጠይቅ፣ የተነገራትን ከምን ጋር እንደምታመዛዝን ተምራለች። አባወራው ይህን የሚማርበት ጉባኤ አልተዘጋጀለትም፤ ስለዚህ የሚማረው ቡና በሚጠጣበት ስፍራ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የሚነገረው ነገር፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ በመካከሉ ሳይኖር ይጸናል።

የኮሮና ክትባት ወደ አገራችን የገባበት ሳምንት ይህን ሁሉ ገሐድ አወጣው። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት አዲስ አበባ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ መስጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበረ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ግን ዴንማርክ ይህንኑ ክትባት ደም ያረጋል በሚል ሥጋት ለጊዜው አቁማ ነበር፤ በመጋቢት 6 ቀን ደግሞ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ተከተሏት። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መጋቢት 9 ቀን ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ቢያስታውቅም፣ የመጀመሪያው ወሬ በሳተላይት ቴሌቪዥንና በስልክ ወደ እያንዳንዱ ከተማ ገብቶ አድሮ ነበር። በመቱም ሆነ በጎሬ ያለ ሰው «ነጮቹ የጣሉትን ለእኛ ሰጡን» ቢል፣ ይህ ከጥንቆላ የመጣ ሐሳብ አልነበረም፤ ከዜና የተገኘ፣ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር።

መልሱም ነበረ። ያ የደም መርጋት እውነት ነው፣ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከመቶ ሺህ ተከታቢዎች በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ የሚደርስ፣ ምልክቱም የሚታወቅ ነው፤ ኮሮናው ራሱ ደግሞ ከዚህ እጅግ በሚበልጥ ቍጥር ደም ያረጋል። አውሮፓውያን ሌላ ክትባት በእጃቸው ስለ ነበራቸው ማማረጥ ችለዋል፤ እኛ ያን ጊዜ ሌላ አልነበረንም። ይህን በግልጽ መናገር ሕዝቡን ያስደነግጣል ብለው የፈሩ ሰዎች ዝም አሉ፤ በእኔ አስተያየት ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ያ ዝምታ ነው። አዋቂ ሰው ትንሽ አደጋን ከትልቅ አደጋ ጋር ማመዛዘን አያቅተውም፤ የያዮ ገበሬ ቡናውን ዛሬ በቀይ እሸቱ ይሽጠው ወይስ ጀንፈል አድርጎ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቅ እያለ ዓመት በዓመት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እውነቱ ግማሹ ብቻ የተነገረው ሰው የቀረውን ግማሽ ከሌላ ስፍራ ይፈልገዋል፤ ያገኘውም መርፌው ያመክናል፣ የአውሬው ምልክት የ666 ማኅተም ነው የሚለውን ነበር።

ይህ የመጨረሻው ወሬ በምእመናን ዘንድ ያሳደረውን ፍርሃት በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ስለ ነፍሱ የሚፈራ ሰው የሚያጽናናው የላቦራቶሪ አኃዝ አይደለምና። በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒት ከምድር የሚወጣው በእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ያስተምራል፤ በእስልምናም ዘንድ መታከምን የሚያዝዝ ትምህርት ከነቢዩ የተላለፈ መሆኑን ሼኮቹ ያውቃሉ። ይህን ቃል ከዐውደ ምሕረትና ከመስጊድ የሚናገሩት አባቶች ናቸው፤ ነገር ግን ተጠርተው በዘመቻው መክፈቻ ላይ ከመባረክና ዱዓ ከማድረግ በቀር፣ ስለ ክትባቱ አስቀድሞ ተነግሮአቸው፣ የራሳቸው ጥርጣሬ መልስ አግኝቶ፣ ከዚያ በኋላ እንዲያስተምሩ የተደረጉበት ጊዜ ጥቂት ነው። ያልተማረ መምህር ይባርካል እንጂ አያስረዳም።

ጥርጣሬ የዛሬ ዘመን ፈጠራ አለመሆኑን የፈንጣጣ ታሪክ ያስታውሰናል። ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በአገራችን በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በዚያ በአውሮፓውያኑ 1971 ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዝግበው ነበር። ክትባቱ በደቡብና በምዕራብ አውራጃዎች በአብዛኛው በደኅና ተቀባይነት ሲያገኝ፣ በሰሜኑ ደጋ አገሮች ግን ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ በዚያ ሕዝቡ ከአበው የወረሰው የራሱ ልማድ ነበረው፤ ቀለል ያለ ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በመብጣት መከላከል የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው እምቢ ያለው ወገን ስለ ነገሩ ምንም የማያውቅ እንዳልነበረ ነው፤ የራሱ ዕውቀት ስለ ነበረው አዲሱን ከአሮጌው ጋር እንዲያስታርቅለት ይፈልግ ነበር። ከታቢዎቹ በትዕግሥት፣ በሽማግሌና በቄስ፣ አንዳንዴም ሰው በሰው እየለመኑ ሥራቸውን ፈጸሙ፤ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚም በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ቆላ ተገኘ።

ከዓለም ሁሉ የመጨረሻው በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው ሰው ደግሞ ጎረቤታችን ነበረ። ዓሊ ማኦ ማሊን የተባለው ይህ የሶማሊያ ወጣት በመርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ሁለት በሽተኞችን ወደ ማቆያ የሚወስድ ሾፌርን መንገድ ለማሳየት ለጥቂት ደቂቃ መኪና ውስጥ ገብቶ ተያዘ። በሆስፒታል ግቢ ውስጥ እየሠራ፣ ክትባቱ በየቀኑ በዓይኑ እየታየ፣ መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ ኖሮ ነበር። ይህ ሰው ድኖ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በአገሩ የፖሊዮ ክትባት በጎ ፈቃደኛ ሆነ፤ ልጆቻቸውን አናስከትብም ለሚሉ ወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ ያግባባ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ አገልግሎት ላይ ሳለ በወባ ታሞ ሞተ። የሆስፒታል ቅርበት ብቻውን ዕውቀት እንደማይሰጥ፣ የፈራ ሰውም ከተመለሰ በኋላ ከማንም የተሻለ መምህር እንደሚሆን የዚህ ሰው ሕይወት ያሳያል።

የኢሉባቦር ሰው ደግሞ መከላከያን በጅምላ እምቢ የሚል ሕዝብ አለመሆኑን በሌላ ነገር አስመስክሯል። ከወንዝ ዳር በምትራባው ትንሽ ዝንብ የሚተላለፈውን፣ ቆዳን እያሳከከ ዓይን የሚያጠፋውን በሽታ ለማስወገድ፣ ለብዙ ዓመታት ቤት ለቤት መድኃኒት ሲታደል ኖሯል። አዳዩ በመንደሩ የተመረጠ የራሳቸው ሰው ነው፤ ሚዛን አያስፈልገውም፤ ምልክት በተደረገበት ዘንግ ቁመታቸውን ለክቶ ስንት ክኒን እንደሚገባቸው ይወስናል። አባወራውም ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ፣ ተለክቶ፣ ይውጣል። እዚህ ላይ ማሳከኩ ሲቀንስ ጥቅሙ በዓይን መታየቱ የረዳ መሆኑ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ወንዱ ከመጀመሪያው ተቈጥሮ፣ የሚያውቀው ሰው በሚያውቀው ሰዓት ወደ ቤቱ መጥቶለት እንደ ነበር ልብ ይሏል። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰውም ለብዙ ዘመን በአገራችን ይሰጥ የነበረውን ክትባት፣ ይኸውም ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን፣ ከሩቅ አገር እየተመላለሰ ይጨርሰው ነበር። እንግዲህ መርፌ መፍራት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

ወደ ጤና ኬላው እንመለስ። ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ የብልቃጡ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ክትባቶች ለአሥር ሰው በሚበቃ ብልቃጥ ይመጣሉ፤ የኮሮናው ብልቃጥ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ብቻውን የመጣ ሰው «ሰው ሲሞላ ይመለሱ» ይባል ነበር። አንድ አባወራ ከአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ መጥቶ ይህን ቃል ከሰማ ዳግመኛ አይመጣም፤ ለጎረቤቱም የሚነግረው መድኃኒቱ እንደሌለ ነው። የሚባክነውን ብልቃጥ ለማዳን ሲባል የሚባክነው ሰው አይቈጠርም፤ በእኔ ፍርድ የብልቃጡ ብክነት አስቀድሞ በበጀት ታስቦ፣ ለአንድ ሰውም ቢሆን እንዲከፈት መፈቀድ አለበት።

ሌላው ነገር የስፍራና የጊዜ ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ሲጀምር፣ ልጅቱን መፍቀድና መከልከል በብዙ ቤት የአባት ሥልጣን ሆኖ ሳለ፣ አባትን ግን አስቀድሞ ያነጋገረው ማን ነው? ያመክናል የሚለው ወሬ ከአባትየው ዘንድ የሚደርሰው ከመምህሩ ደብዳቤ ቀድሞ ነው። ወንዶች የሚገኙበት ስፍራ ደግሞ ስውር አይደለም፤ የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፣ እድር አለ፣ ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ ያለው ሰዓት አለ። ለቀማው አልቆ፣ ቡናው ተሽጦ፣ አባላቱ የትርፍ ድርሻቸውን ለመካፈል በሚሰበሰቡበት ቀን፣ በአፋን ኦሮሞ አጥርታ የምትናገር ነርስ ከጤና ጣቢያው ከነማቀዝቀዣ ሣጥኗ ብትገኝ፣ አንድ ሰዓት ቢሰጣትም፣ ብዙ ነገር ይሠራበታል፤ የመንጋጋ ቆልፉን መከላከያ ለወንዶቹ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም። በዚያች ሰዓት ውስጥ ለንግግር ከሩብ የበለጠ እንዳይሰጥ፣ የቀረው ሁሉ ለአባወራዎቹ ጥያቄ እንዲተው፣ ነርሷም የማታውቀውን ጥያቄ ጽፋ ይዛ ሄዳ መልሱን በሚቀጥለው ስብሰባ እንድታመጣ እመክራለሁ።